የጳጉሜን ወፍ

ሉልሰገድ በዕድሜው ጉርድ ፎቶ ያነሳቸው ሰዎች ተሰብስበው ቢሰለፉ፣ ሰልፉ ከጊዮርጊስ ተነስቶ አራት ኪሎን የሚያልፍ ይመስለኛል። ለመታወቂያ አንስቷል፣ ለመንጃ ፈቃድ፣ ለፓስፖርት፣ ለተማሪ ካርድ አንስቷል። ሰው ሲሞትም ያንኑ ጉርድ አሳድጎ ለለቅሶ ቤት ያወጣል። ከዚህ ሁሉ ፎቶ ግን በአንዱም ላይ ስሙ የለም። ጉርድ ፎቶ የተነሺው ነው፤ ማን አነሳው ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኔ የሺዓለም እባላለሁ። ፎቶ ቤቱ ከነበረበት ጀርባ ባለው ግቢ ልጅም የልጅ ልጅም አሳድጌአለሁ። የምጽፈው ባለፈው ክረምት የገጠመውን ነው። በስተእርጅና ስሙ የሚጻፍበት አንድ ሥራ አግኝቶ ነበር፤ ለዚያ ሥራ አንዲት ትንሽ ወፍ ጎደለችበት።

ተወልዶ ያደገው ደጃች ውቤ ሰፈር ነው። አባቱ አቶ ተክለሃይማኖት ልብስ ሰፊ ነበሩ። የተወለደው ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት፣ በስድስተኛዋ ቀን ነው። ስለዚህ የሰፈሩ ልጆች በአራት ዓመት አንዴ ነው የምታድገው እያሉ ያበሽቁት ነበር፤ ዛሬም ፀጉሩ ሸብቶ እኩዮቹ ገና ጎረምሳ ነህ ይሉታል። እርሱ ይስቃል። ግን አንድ ጊዜ እንደነገረኝ፣ ካላንደር በገዛ ቁጥር መጀመሪያ የሚያየው ጳጉሜንን ነው። ሁልጊዜም የሚያገኛት ከነሐሴ ሥር ተጨምቃ፣ በትንንሽ ቁጥር ነው። የራሷ ገጽ ኖሯት አያውቅም።

ትምህርቱን አቋርጦ ፒያሳ ጋሽ መብራህቱ የሚባሉ ሰው ፎቶ ቤት ተቀጠረ። ጋሽ መብራህቱ ብዙ ጊዜ ካሜራ አላስነኩትም። የሰጡት እርሳስ ነው። ያኔ ፎቶ በፊልም ነበርና፣ ፊልሙ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ከመብራት ፊት ተይዞ በሹል እርሳስ ይነካካል። የፈንጣጣ ጠባሳ፣ ማድያት፣ ከዓይን ሥር ያለ ጥቁረት፣ ሁሉም በዚያ እርሳስ ይጠፋል። ሰው ፎቶ ቤት የሚመጣው ቤቱ ያለው መስታወት የሚነግረውን ሊሰማ አይደለም ይሉት ነበር። ሉልሰገድ ይህን ሥራ እንደ ዳዊት ደጋገመው። ጋሽ መብራህቱ ሲያርፉ ፎቶ ቤቱን ተረከበ። ኮምፒውተር ሲመጣ እርሳሱ ማውዝ ሆነ እንጂ ሥራው አልተለወጠም።

እኔ ከጎጃም ስመጣ አንገቴ ላይ ድርድር ንቅሳት ነበረኝ፤ አሁንም አለ። የመጀመሪያውን የመታወቂያ ፎቶዬን ሲሰጠኝ አንገቴ እንደ ሕፃን አንገት ባዶ ሆኖ አገኘሁት።

«ሉሌ፣ አንገቴን ምን አደረግኸው?» አልኩት።

«አጸዳሁልዎ፣ እትዬ የሺ» አለኝ፣ ደስ የሚለኝ መስሎት።

የቀበሌው ሰው አንዴ ፎቶውን አንዴ እኔን እያየ ቆይቶ መለሰኝ። ሉልሰገድ ይቅርታ ጠይቆ እንደገና አነሳኝ። በሁለተኛውም ጊዜ ቢሆን ጉንጬ ላይ የነበረችውን ኪንታሮት ሳያጠፋ አላለፈም። እጁ ለምዶበታል።

የዛሬ ሁለት ዓመት ፎቶ ቤቱ ያለበት ሕንፃ ፈረሰ። የእኛ ግቢ ከኋላ ስለሆነ ተረፈ። ሉልሰገድ ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች፤ ከእህቱ ጋር ሥላሴ አካባቢ ይኖራል። ዕቃውን አሽጎ እዚያ ወሰደና ሥራ ፈትቶ ተቀመጠ። ጠዋት ጠዋት ጊዮርጊስን ሊሳለም ይመጣል፤ ከተሳለመ በኋላ ወደ ቤት የሚያስቸኩለው ነገር ስለሌለ ከዛፎቹ ሥር ይቀመጣል። እዚያ ተቀምጦ ነው ከአበባ ላይ ማር የምትመጥጥ፣ ስትዞር እንደ ብረት የምታብረቀርቅ ወፍ ያየው። በማግስቱ ካሜራውን ይዞ መጣ።

ቀላል መስሎት ነበር። ዕድሜውን በሙሉ ያነሳው ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ነው። አገጭ ትንሽ ቀና፣ ትከሻ ዘና፣ ትንፋሽ ያዝ ይላል፤ ሰውየውም ይታዘዘዋል። ወፍ አገጯን ቀና አታደርግለትም። ለሳምንታት ቅርንጫፍ ሲያነሳ ከረመ፤ ወፏ የነበረችበት ቅርንጫፍ። ብርሃኑም እንደ ፎቶ ቤት መብራት አይጠብቅም። በእኛ አገር ፀሐይ ማለዳ ጥቂት ታባብልና ወዲያው አናት ላይ ትወጣለች፤ ከዚያ በኋላ ላባው ላይ ያለው ቀለም ይሞታል፣ ከቅጠሉ ሥር ደግሞ ጨለማ ይሆናል። ይህን ሁሉ ያስረዳኝ እርሱ ነው። የፎቶ ቤቱን መብራቶችና መጋረጃዎች ሸጦ ረጅም ሌንስ ገዛ።

ያን ሌንስ ተሸክሞ ሲያልፍ የጊዮርጊስ ሊስትሮዎችና ታክሲ ጠሪዎች አለቀቁትም። ጋሽ ሉሌ፣ ባዙቃው ዛሬ ማን ላይ ነው ይሉታል። አንዱ ደግሞ፣ «ወፏ የምትፈልገው ጉርድ ነው ሙሉ?» አለው።

«ጉርድ ነው፤ ፓስፖርት ልታወጣ ነው» አለ ሉልሰገድ። «ችግሩ ሁለቱም ጆሮዋ መታየት አለበት።»

የአራዳ ልጅ ነው፤ መልስ አያጣም።

ዓመት ሳይሞላው ጥሩ ጥሩ ፎቶዎች ያዘ። ወዳጁ ዘይኑዲን እነዚያን ፎቶዎች አየ። ዘይኑዲን ማተሚያ ቤት አለው፤ ድሮ የጉርድ ፎቶ ማስቀመጫዎቹን ትንንሽ ፖስታዎች የሚያትምለት እርሱ ነበር። በየዓመቱ ካላንደር ያወጣል፤ አበባ ያለበት፣ ፏፏቴ ያለበት። ዘንድሮ በወፍ አደርገዋለሁ አለ። ለየወሩ አንድ ወፍ፣ ሁሉም ከዚሁ ከአራዳ ዛፎች ላይ የተነሱ። ከወፏ ሥር የወፏ ስም፣ ከጥጉ ላይ ደግሞ «ፎቶ፦ ሉልሰገድ ተክለሃይማኖት» ተብሎ ይጻፋል። ሉልሰገድ ለጳጉሜንም የራሷ ገጽ ይሰጣት ብሎ ለመነው። ዘይኑዲን ወፍ ካለህ ገጽ አለ አለው።

ወፍ ነበረው። ለጳጉሜን ያስቀመጣት ከሁሉም ትንሿን ነው፤ አውራ ጣት የምታህል፣ ቢጫና አረንጓዴ የተቀላቀለባት፣ ከእኩዮቿ ጋር በመንጋ እየተንጫጫች የምትዞር። ከዛፍ ጥላ ውስጥ በፍላሽ ነበር ያገኛት።

የወፎቹን ስም የምትጽፈው ማክዳ የምትባል የአራት ኪሎ የሳይንስ መምህርት ነች። አሥራ ሁለቱን አይታ ስማቸውን ጻፈች። አሥራ ሦስተኛዋ ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«ጋሽ ሉልሰገድ፣ ይህች ወፍ ዓይኗን የሚከብ ነጭ ቀለበት አልነበራትም?»

ነበራት አላት። መነጽር ያደረገ ሰው ሲነሳ መስተዋቱ ላይ የሚያርፈውን የፍላሽ ነጸብራቅ ዘወትር ያጠፋል፤ ይህም ነጸብራቅ መስሎት አጥፍቶታል። ዓይኗ ጥርት ብሎ እንዲታይላት ብሎ ነው። ማክዳ አልሳቀችም። ወፏ የምትታወቀው በዚያ ቀለበት እንደሆነ ቀስ ብላ ነገረችው፤ ያለ ቀለበቷ ከሥሯ ስም ልጽፍባት አልችልም አለችው። ያልተነካውን ፎቶ አምጣ እንዳይባል፣ ያጸዳውን በዋናው ላይ ደርቦ አስቀምጦ ዋናውን አጥፍቶታል። የጉርድ ፎቶ ሰው ከነጠባሳው ያለውን ኮፒ ምን ሊያደርግለት ያስቀምጣል?

ዘይኑዲን ያጠፋኸው አንተ ነህ፣ መልሰህ ሣለው አለው። ሞከረ። የሸሚዝ ቁልፍ መሰለ። እንግዲያው ፍልሰታ ሲፈታ ማሽኑ መሥራት ይጀምራል አለ ዘይኑዲን፤ እስከዚያ ወፏን ካመጣህ አመጣህ፣ ካላመጣህ ጳጉሜንን እንደ ሁልጊዜዋ ከነሐሴ ሥር አስገባታለሁ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት በፍልሰታ ነው፣ ከቅዳሴ ወጥቼ ከደጀ ሰላሙ አጠገብ ፊቱ ጠቁሮ ሳገኘው። ጾሙ ሲገባ ቅጥሩ በሰው ይሞላል፤ ከየዛፉ ሥር ነጠላ ነው። ወፎቹም ከዚያ ሸሽተዋል። እርሱ ካሜራውን በጋቢው ሸፍኖ ባዶ ቅርንጫፍ ያያል።

ምን ዓይነት ወፍ ነች አልኩት። ሲነግረኝ ሳቄ መጣ። መነጽራሟን ነው የምትፈልገው? እኛ ግቢ በየፈረቃው ትመጣለች አልኩት።

ግቢያችን ውስጥ አንድ የጋራ ቧንቧ አለ። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው። ቧንቧው ተዘግቶም ያንጠባጥባል፤ የተሰነጠቀው ሲሚንቶ ላይ ጭልፋ የማትሞላ ውሃ ትጠራቀማለች። ውሃ በመጣ ቀን ልብስ ታጥቦ ሴቶቹ ሲገቡ፣ እነዚያ ወፎች ከኮሽሙ አጥር ውስጥ ተንጋግተው ይወርዱና እየተጣሉ ይታጠባሉ። ጥርሴ አልቆ በረንዳ ላይ የምውል ሰው ነኝና አያመልጡኝም።

በማግስቱ መጥቶ አያቸው። ዝናብ ስለነበር ብርሃኑ አልረዳውም፤ ግን አያቸው። ሲሄድ እጄን ስሞ ነው የሄደ። በሚቀጥለው ፈረቃ እመጣለሁ፣ ለግቢው ሰው ይንገሩልኝ፣ እንግዳ ሆኜ እንዳልረብሽ አለኝ። እኔም ነገርኩ። ሉልሰገድ ከቧንቧው ላይ ወፍ ሊያነሳ ይመጣል፣ ካላንደር ላይ ሊወጣ ነው አልኳቸው።

ወሬውን ከሁሉ አስቀድማ የተቀበለችው ፍዮሪ ነች፤ ሁለት ልጆች ያላት፣ ምላሷ የማያርፍ ጎረቤቴ። ወፍ ብቻዋን አትነሳም፣ ከኋላዋ የእኛ ጉድ አብሮ ይወጣል አለች። ለካላንደር ነው የተባለው፤ አገር ሊያየው ነው። ካሜራ ሲመጣ ቤት ይጸዳል፣ ሰው ይለብሳል፤ ሌላ ነገር ማን ያውቃል? እኔ ቅዳሴ ውዬ ስመለስ ግቢው ሠርግ ያለበት መስሏል። የቧንቧው ዙሪያ በበረኪና ተፍቋል። ልብስ ማስጫው ገመድ ተነስቷል። ያደገው የኮሽም አጥር ተከርክሞ እንደ ወታደር ፀጉር አጥሯል። መሬቱ ላይ ቄጠማ ተጎዝጉዟል። ተክላይ ደግሞ ቧንቧውን ጠግኖታል። ተክላይ ጡረታ የወጣ የቧንቧ ሠራተኛ ነው፤ ከጥምቀት ጀምሮ ስንለምነው ነገ እያለ የከረመ ሰው። ያን ዕለት የቧንቧውን መዝጊያ ጎማ፣ ጎሚኒውን ቀይሮ፣ የተሰነጠቀውን ሲሚንቶ ደፍኖ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል።

«ጠብ የምትል የለችም» አለኝ።

እኔም አመሰገንኩት። እኔም ደስ አለኝ። አዲሱን ሳፋዬን አውጥቼ ከቧንቧው ሥር እንደ ጌጥ አስቀመጥኩት። ከመካከላችን ወፏ ምን ፍለጋ ትመጣ እንደነበር ያሰበ አልነበረም።

ሉልሰገድ በፈረቃው ቀን ማለዳ መጣ። ሰማዩ ተገልጦ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ብርሃን በነሐሴ አይገኝም። ፍዮሪ የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ፣ ተክላይ ኮት ደርቦ፣ ልጆቹ ቅባት ተቀብተው በር ላይ ተቀበሉት። ቄጠማውን አየ። አጥሩን አየ። ከዚያ ቧንቧውን አየ፤ እጁን ከቧንቧው አፍ ሥር ዘርግቶ ጥቂት ቆየ። እጁ ደረቅ ነበር።

ልቡ ሲወርድ አይቻለሁ። ግን አፉ ግቢው አምሯል ነው ያለው። ሁሉም ለብሶ ስለቆመ አሰልፎ አነሳቸው፤ አገጭ ትንሽ ቀና፣ ትንፋሽ ያዝ እያለ። ከዚያ በርጩማ ስቦ ተቀመጠ። ፀሐይዋ ወጣች፣ አናት ላይ ቆመች። ከተከረከመው አጥር ላይ አንዲት ወፍ አልወረደችም። ካሜራውን መልሶ ሲያስገባ ነው እውነቱን የነገራቸው፤ የሚታጠቡበት ውሃ የለም፣ መደበቂያቸውም የለም፣ ለዚያ ነው አለ። ጾሙ ከመፈታቱ በፊት የቀረው ፈረቃ አንድ ብቻ ነበር።

ፍዮሪ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ተክላይ ዞረች።

«እንግዲህ አባባ ተክላይ፣ ያበላሹት።»

«ምኑን?»

«የሠሩትን።»

ተክላይ ተቆጣ። ግማሽ ዓመት ስትጨቀጭቁኝ ኖራችሁ፣ ዛሬ የጠገንኩትን አፍስስ ትሉኛላችሁ አለ። በሥራ ዘመኔ ብዙ ቧንቧ አቁሜአለሁ፣ እንዲያፈስ ብዬ የነካሁት ግን አንድም የለ። ውሃስ እንዲሁ ሊባክን ነው? ወፍ ከፈለገ ጫካ አይሄድም ወይ አለ። ፍዮሪ አንድ ጎሚኒ ነው፣ ሐውልት አላቆሙ አለችው። ነገሩ ሊከር ሲል ሉልሰገድ ስልኩን አውጥቶ ከተክላይ አጠገብ ተቀመጠ።

«ጋሽ ተክላይ፣ ይህችን ይዩልኝ።»

ቀለበቷ የጠፋባት ወፍ ነበረች። ተክላይ ስልኩን ከዓይኑ ራቅ አድርጎ አያት።

«ምን ሆና ነው? ዕውር ነች?»

«አይደለችም። እኔ ነኝ አሳምራለሁ ብዬ እንዲህ ያደረግኋት። አሁን ቀለበቷን ልመልስላት ብል አልቻልኩም። የእርስዎን ግን መፍታት ይቻላል።»

ተክላይ ስልኩን መለሰለት። ወደ ቤቱ ገባና እንግሊዝ ቁልፉን ይዞ ወጣ። ከቧንቧው ፊት ተንበርክኮ ፈታው፤ አዲሱን ጎሚኒ አውጥቶ ኮት ኪሱ ውስጥ ከተተው፣ አሮጌውንም መልሶ አስገባ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ምን ያህል እንድታንጠባጥብ ነው የምትፈልገው?» አለ። «ሥራዬ ከሆነ በወጉ ልሥራው።»

ቀስ ብላ አለው ሉልሰገድ፤ እንደ ድሮዋ። ተክላይ እያጠበቀ እያላላ አስተካከላት። ውሃው እንዳይባክን እኔ አዲሱን ሳፋ አንስቼ ልብስ የማጥብበትን አሮጌውን ከሥሩ አደረግኩ፤ ጠርዙ የተሰነጠቀ ሰማያዊ ሳፋ ነው።

እስከ ቀጣዩ ፈረቃ ግቢውን ወደነበረበት ስንመልስ ከረምን። ቆሻሻ መመለስ ከማጽዳት ይከብዳል ስትል ፍዮሪ አማረረች። ቄጠማው ተጠረገ፣ ገመዱ ተወጠረ። የተከረከመው ኮሽም ቀን ካልሰጡት አያድግም፤ ስለዚህ የተቆረጠውን ቅርንጫፍ ከቆሻሻ መጣያው መልሰን አጥሩ ላይ ሰካነው። ከሩቅ ሲያዩት ያው ነው።

ቀኑ ሲደርስ ሉልሰገድ ማልዶ መጣ። ገመዱ ላይ ብርድ ልብስ አስጥቶ ከኋላው ተቀመጠ፤ ሌንሱ በጎን በኩል ይወጣል። ፍዮሪን እንደ ወትሮሽ እጠቢ አላት። የቤት ልብሷን ለብሳ፣ አረፋ ተሞልታ አጠበች፤ ልብሱን አሰጣችና ገባች። ግቢው ጸጥ አለ። እኔ በረንዳዬ ላይ ነበርኩ። ተክላይ በመስኮቱ ያያል፤ የሚያየው ወፉን ይሁን ጠብታውን እንጃ።

ደመና ሄዶ ደመና መጣ። ቀኑ የጠፋ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ያ መንጫጫት ከአጥሩ በኩል ተሰማ። መጀመሪያ አንዷ ብቻዋን ወረደች፤ ሲሚንቶው ላይ ዘለለች፣ ወደ ገመዱ ወጣች፣ ተመልሳ ሄደች። ቀጥሎ ሁሉም አንድ ላይ መጡ። ሲሚንቶው ላይ ውሃ አላገኙም። አንዷ የሳፋውን ጠርዝ ያዘች፤ ስንጥቁ ላይ ቆማ ጠብታዋን ጠበቀች። ከብርድ ልብሱ ኋላ ሉልሰገድ በለሆሳስ «አገጭ…» ሲል ሰማሁት። አልጨረሰውም። ወፏ ራሷ ቀና አለች፣ ጠብታዋን ልታይ። ካሜራው ተንጣጣ።

ያን ዕለት ከሰዓት ማክዳ ፎቶውን አይታ የወፏን ስም ጻፈች። ዘይኑዲን ግን ቅር ብሎት ነበር። ወፏ አንደኛ ነች፣ ግን ሳፋው ተሰንጥቋል፣ ጠርዙ ላይ የሳሙና አረፋ አለ፣ ከኋላ ደግሞ የተሰጣ ካልሲ ይታያል አለ። አንተ ለዚህ የተፈጠርክ ሰው፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅብህም፣ አጥፋውና እናትመው አለው። ሉልሰገድ ማውዙን አልነካም። ካልሲው ይቆይ አለ።

ካላንደሩ ለአዲስ ዓመት ወጣ። ለየቤታችን አንድ አንድ አመጣልን። ፊደል የለየሁት አርጅቼ ስለሆነ ትንሽ ጽሕፈት ያስቸግረኛል፤ መነጽሬን አድርጌ ከመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ ስሙን ከነአባቱ አነበብኩለት። ቆሞ ሰማኝ። አንዴ ብቻ ነው ያነበብኩት፤ ይድገሙት የሚል መሰለኝ፣ ግን አላለም።

ችግሩ ጳጉሜን እስክትመጣ ዓመት ሙሉ መጠበቅ ነው። በእኛ ግቢ የጠበቀ የለም። ሁሉም ሰው ካላንደሩን ከመጨረሻው ገልጦ ነው የሰቀለው። ስለዚህ ቀኑን የሚነግር ግድግዳ ጠፍቷል፤ ፍዮሪ የልጆቿ ትምህርት ቤት መቼ እንደሚከፈት ልትጠይቅ ማተሚያ ቤት ድረስ ሄዳለች። በዚያውም ካልሲው የትልቁ ልጇ እንደሆነ ለዘይኑዲን ነግራዋለች፤ ቢያንስ ሁለቱንም ቢያነሳቸው ምን ነበረበት ትላለች።

ቧንቧው አሁንም ያንጠባጥባል። ተክላይን መቼ ትጠግነዋለህ ስንለው ኮት ኪሱን ይደባብስና ጎሚኒው እዚህ አለ፣ መጀመሪያ ሉልሰገድን አስፈቅዱ ይላል። ሉልሰገድ በፈረቃው ቀን ይመጣል፤ በርጩማው ከበረንዳዬ ሥር ነው።